የዘጠኝ ሰው ክንድ

የናፊሳ የግራ ክንድ ጉዳይ ለውይይት የቀረበው ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። የክንዱ ባለቤት ግን ስብሰባው ላይ አልተጠራችም። ጓሮ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ፣ በተከፈተው የሳሎን መስኮት በኩል የአጎቷ የጋሼ ሙዐዊያ ድምፅ እንደ ልማዱ ከሁሉም ልቆ ደረሳት። ክትባቷ እውቅና እንደሌለው፣ ክትባቷ እውቅና ከሌለው ደግሞ እሷም ኩዌቶች ዘንድ ጨርሶ እንዳልተከተበች እንደምትቆጠር፣ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና፣ ሁለት ጊዜ አስረዱ። ከዚያ ወንድሟ ኢልያስ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ጠየቀ።

«እና፣ እዚሁ ልትቀመጥ ነው?»

አጠያየቁ የክረምት ጎርፍ ቤቱ ገብቶ አልወጣ ያለው ሰው አጠያየቅ ነበር። የአባቷ የአቶ አብዱልመጂድ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ። ናፊሳ ሳሙናው ዓይኗን እየለበለባት ውሃ ሳታስነካው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተለቃለቀች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ገባችና «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። ሁሉም በአንድ አፍ መለሱላት። ኢልያስም ከዳቦው የተሻለውን ቁራጭ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፊሳ ኩዌት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አስር ዓመት አልፏታል። ባለፈው ክረምት እናቷ ሲሞቱ፣ እዚያ የኮሮና ክትባት ተራዋ ሳይደርስ ለለቅሶ መጣች። ለመመለስ ስትሰናዳ ጦርነቱ ደረሰና ከተማቸው ሸዋ ሮቢት ነቅሎ ወጣ፤ እነናፊሳም በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ጣርማ በርን አልፈው ደብረ ብርሃን ገቡ። የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ የጤና ሠራተኞች እየዞሩ ሲከትቡ፣ ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ ክንዷን የዘረጋችው ናፊሳ ብቻ ነበረች። ሁለቱንም ዙር ተወግታ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ያዘች። ክትባቱ የቻይና ነበር። አሁን ጥር ሲገባደድ፣ የኩዌት መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው፣ ማዳሟ በድምፅ መልእክት ላከችባት፤ የቻይናውን ብቻውን አይቀበሉም፣ ከሚቀበሏቸው አንዱን ደርበሽ ካልመጣሽ አትምጪ። ጋሼ ሙዐዊያ ዐረብኛውን እንደሚሰማ ሰው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ መልእክቱን ደጋግመው ካስከፈቱ በኋላ በጣም አዘኑ። ስልኩ የቻይና፣ መንገዱ የቻይና፣ ማዳሟ የለበሰችው ዐባያ ሳይቀር የቻይና፣ ታዲያ መርፌው ላይ ሲደርስ ነው እንዴ ቻይና የማትታወቀው ሲሉ ጠየቁ። 

ሳሎኑ የናፊሳ ሥራ ነው። ሶፋው፣ ባለ መስታወቱ ቡፌ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ስጋጃ፣ ሁሉም በየዓመቱ ከኩዌት በላከችው የተገዛ ነው። ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣውና ፍራሾቹ ተወስደው ነበር። ሶፋው የተረፈው እዚያው ክፍል ውስጥ የተገጣጠመ ስለሆነ በበሩ አልወጣ ብሎ ነው። አቶ አብዱልመጂድ ግን ልማድ ሆኖባቸው፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ አሁንም ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥኑ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ ያያሉ። እንግዳ የመጣ እንደሆነም መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል፣ ቀጥሎ ናፊሳን ያያል፣ ከዚያ «መቼ ነው የምትመለሺው ታዲያ?» ይላታል።

ከቁርስ በኋላ ኢልያስ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ባጃጁንም የገዛችለት እሷ ናት፤ ከኋላው «እህቴ ኑሪልኝ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። መንገድ ላይ ቤንዚን መወደዱን ሲያማርር ቆይቶ፣ ስትወርድ የምታውቂውን አድርጊ አላት። ብር ሰጠችው። ፀሐይዋ ገና በረፋዱ አናት ትበሳለች፤ በአስፋልቱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሮ፣ ወደ ደሴ የሚወጡት መኪኖች አቧራውን በላዩ ላይ ያለብሱታል።

ጤና ጣቢያው ከጦርነቱ ወዲህ በሮቹ ተጠግነውለት፣ አንድ ማቀዝቀዣ ተልኮለት እንደገና ሥራ ጀምሯል። የክትባት ክፍሉን የያዘችው ሲስተር ትርንጎ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ ቀጭን ሴት ናት። ናፊሳ የምትፈልገው ክትባት እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ስትሰማ አልሃምዱሊላህ ብላ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሲስተር ትርንጎ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አንድ ብልቃጥ ለአስር ሰው ነው» አለች። «አንዴ ከተከፈተ አያድርም። ለአንቺ ብቻ ከፍቼ የዘጠኝ ሰው ብደፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰው ይዘሽ ነይ።»

ናፊሳ ሳቋ መጣ። «ዘጠኝ ብቻ? የእኔ ዘመድ እኮ ሁለት ብልቃጥ ይጨርሳል።»

«እስቲ እናያለን» አለች ሲስተር ትርንጎ። ክትባቱ ከመጣ ወዲህ ብዙ ዘመድ ያለው ሰው አይታለች።

ምሳ ላይ ቤቱ ሞላ። ናፊሳ ካለች ሥጋ ስለማይጠፋ፣ ለምሳ የሚጠራ ሳይኖር የሚመጣው ብዙ ነው። እጅ ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ትሪው እስኪጋመስ ጠበቀችና ጉዳዩን አነሳች። የቸገራት ክንድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅም፣ ሩቅ አይኬድም፣ ባጃጁም ደጅ ቆሟል። መጀመሪያ የተናገሩት ጋሼ ሙዐዊያ ናቸው። ናፊሳ የዚህ ቤት ምሰሶ መሆኗን፣ ለእሷ ክንድ አይደለም አንገት ቢሰጥ እንደሚያንስ፣ ሟች እናቷም ይህን አደራ ብለው እንደሄዱ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገሩ። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ እሳቸው ግን ደም ግፊት እንዳለባቸው ገለጹ። ሐኪም እስካሁን አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ነው ያወቁት። ኢልያስ ክትባቱ መውለድ ያስቀራል ሲባል ሰምቷል። አራት ልጆች አሉት፤ የመጨረሻው ሲወለድ በቃኝ ብሎ የማለ ሰው ነው። ሚስቱ ናጅዋ ደግሞ ታጠባለች። የምታጠባው ልጅ በዚያች ሰዓት ደጅ ኳስ ሲጫወት ጎል ገባ ብሎ ይጮሃል። አንድ የአክስት ልጅ ክትባቱን የወሰደ ሰው ክንዱ ላይ ማንኪያ ሲጣበቅ በስልክ አይቷል፤ ማንኪያው እንኳ ባልከፋ ነበር፣ ግን ሰው ምን ይለኛል አለ። አቶ አብዱልመጂድ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ «እኔ እንግዲህ የት ልሄድ ነው ልጄ? ለእኔ ማባከን ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ናፊሳ በየተራ አየቻቸው። የሁሉንም ጫማ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች፤ በየኢዱ የምትልከው እሷ ናትና። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሁሉም በድንገት ምግቡን ወደው፣ ከትሪው ላይ ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

«እኔ እወጋለሁ።»

የተናገረችው ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ በር ላይ የቆመችው ታናሽ እህቷ ኑርሃን ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቤት ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው አንድ ነገር ሲያስፈልግ ብቻ የሆነች ልጅ። አቶ አብዱልመጂድ ጋሼ ሙዐዊያን አዩ። ጋሼ ሙዐዊያ ጣራውን አዩና፣ ልጅቷ ብትወጋ ምንም እንደማይጎዳት፣ እንዲያውም ሳይጠቅማት እንደማይቀር ተናገሩ። አሁን ለራሳቸው አይሆንም ያሉት መርፌ ለእሷ ጤና መሆኑን ናፊሳ ልብ አላለችም። እህቷን ብቻ ነበር የምታየው።

ስምንት ሰው ቀራት። ኑርሃንን እዚያው ትታ ወጣች። የባጃጅ ተራው ላይ የቆሙት ወጣቶች በአክብሮት ሰሟት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጎኑ ያለውን ሰው እሱን ውሰጂው አላት። ሽንኩርት የሚጭኑት የቀን ሠራተኞች ዘንድ ሄደች። አንደኛው ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ፣ ስንት እንደምትከፍል ጠየቃት። ክትባቱ በነፃ መሆኑን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም ብሎ ጆንያውን መልሶ ተሸከመ። ጎረቤት አንኳኳች፣ የእናቷን የእድር ሰዎች ለመነች፣ አንድ የቀድሞ አስተማሪዋን መንገድ ላይ አስቁማ አስረዳች። እውነቱን ነው የምትናገረው፤ እውነቱን በተናገረች ቁጥር ሰው ይሸሻታል። በመጨረሻ እግሯ ሲዝል፣ አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግታ ሽንኩርት ከምትለቅም ነጋዴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ምን ሆንሽ ብትላት፣ ይህን መርፌ ካልተወጋሁ ኩዌት አያስገቡኝም አለቻት።

የሴትዮዋ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። «የተወጋውንስ ያስገባሉ?»

«የተወጋውንማ ምን ብለው ይመልሳሉ» አለች ናፊሳ ደክሟት፣ ውሃ እየጠጣች።

ይህችን ቃል ነጋዴዋ ቲማቲም ለምትሸጠው ነገረች። ቲማቲም የምትሸጠው ለባጃጅ ነጂ ነገረች፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ባጃጅ ሆነ። ቀበሌ ሲደርስ መርፌው ለኩዌት ሠራተኛ መመዝገቢያ ሆኗል፤ መስጊዱ ጋ ሲደርስ ዑምራ ላሰበ ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ ጠጅ ቤቶቹ ጋ ሲደርስ ካናዳ ገብቷል። ናፊሳ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ጥላው ሲረዝም ሲስተር ትርንጎን እግሯ ላይ ወድቃ ለመለመን ወስና ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ፣ አጥሩ ውጪ ድረስ የተሰለፈ ሰው አገኘች።

ከተሰለፉት መካከል የማታውቀው አልነበረም። የሠፈሩ ልጃገረዶች ንጹሕ ሻርፕ ለብሰው፣ አንዳንዶቹ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ተሰልፈዋል። የአክስቷ ልጅ የማንኪያውን ነገር ረስቶ ከመካከል ቆሟል። ናጅዋ ልጇን በዚያች ከሰዓት ጡት አስጥላ፣ ከባሏ ከኢልያስ ጋር ደርሳለች። ከሁሉም ፊት፣ ሰው ባመጣላቸው ወንበር ላይ፣ ጋሼ ሙዐዊያ ተቀምጠዋል። ናፊሳ ወደ ሰልፉ ዞራ፣ ይህ ቪዛ እንዳልሆነ፣ ማንንም የትም እንደማይወስድ፣ ሰውን ከበሽታ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው ተናገረች። ሰው ሁሉ በትዕግሥት አዳመጣት። ስትጨርስ አንዲት ልጅ፣ «አንቺስ ታዲያ ለምን ትወጊያለሽ?» አለቻት። ሌላዋ ዞር ብላ፣ እሷማ ገብታ በሩን ልትዘጋብን ነው ስትል ተሰማ። ጋሼ ሙዐዊያም ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ለዘመድ አዝማድ የመጣ ዕድል እንደማይገፋ መከሯት። ደም ግፊታቸውን ጠየቀቻቸው። ይህን አላህ ነው የሚያውቀው አሉ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ በሽማግሌ ይቅደም፣ በዘመድ ይቅደም፣ በጉልበት ይቅደም አለቀ። ናፊሳ ገና በሩ ላይ ነበረች። ሲስተር ትርንጎ ሁለተኛውን ስትከፍት አንገቷን አስግጋ አየቻትና በስሟ ጠራቻት።

«ሰው አምጪ አልኩሽ እንጂ አገሩን አምጪ አልኩሽ?» አለቻት። ፊቷ ግን የዛሬን ፈትቷል። መርፌውን ወጋቻት፣ ካርዷ ላይ ማኅተሙን መታችበት። ናፊሳ እጅጌዋን እያወረደች ሳለ ከኋላዋ ኑርሃን ገባች። ሲስተር ትርንጎ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ ይህኛው ክትባት ከአስራ ስምንት ዓመት በታች እንደማይሰጥ ነገረቻት።

«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች ኑርሃን፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። የቀበሌ መታወቂያዋንም አወጣች።

ናፊሳ ኑርሃንን አዝላ ያሳደገቻት ናት። ኩዌት ስትሄድ ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። መታወቂያው ዕድሜ እንደዚህ ሲጨምር ልጅቷ ወደ ዐረብ አገር ልትላክ ነው ማለት እንደሆነ ለማንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የእሷንም ዕድሜ ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር የጨመሩላት። «አትውጊያት፣ ገና አስራ ሰባቷ ነው» አለች ለሲስተር ትርንጎ። ሲስተር ትርንጎ መታወቂያውን አየች፣ ሁለቱን እህትማማቾች አየች፤ የመርፌውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋ ቆመችና፣ እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው፣ ግን እህትሽ ካለች ውጪና ተነጋገሩ ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ውጪ፣ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የተወጋ ሰው ሁሉ ክንዱን ይዞ ዙሪያቸውን ይንጎራደዳል። ናፊሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መታወቂያው መቼ እንደወጣ ጠየቀቻት።

«ከደብረ ብርሃን እንደተመለስን» አለች ኑርሃን። «ቴሌቪዥኑ እንደሌለ ባየን በሳምንቱ። ጋሼ ሙዐዊያ መሰከሩልኝ፣ አባባ ፈረሙ። አዲስ አበባ አሻራ ሰጠሁ። ለአንቺ ለፈተና ምዝገባ ነው የሄደችው አሉሽ።»

«ፓስፖርቱስ?»

«ወጥቷል። ቡፌው ውስጥ ነው። አንቺን ካልተቀበሉሽ ቤቱ ሰው እንዳያጣ ብለው ነው።»

 ያን ሁሉ ሰው ቀኑን ሙሉ የለመነችው ለካ በከንቱ ነው። ለቤቱ ከሁለት አንዷ ብትሄድ ይበቃዋል፤ የትኛዋ እንደሆነች አላስጨነቀውም። ቅር ያላት የእሷ መተካት አልነበረም። ኩዌት በዚያ ሁሉ ሌሊት ብረት ድስት እየፈተገች፣ አንዷ እንኳ ትተርፋለች እያለች ስታስባት የነበረችው ይህችን ልጅ ነበር።

ቤት ሲደርሱ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ክንዱን ገልጦ ተቀምጧል። ናጅዋ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታቃስታለች፤ ለአማቴ ልጅ ብዬ ይህን ሆንኩ ትላለች። ኢልያስ ነገ ባጃጅ መንዳት እንደማይችል፣ ግን ለእህቱ ሲል ቅር እንደማይለው ተናገረ። ጋሼ ሙዐዊያ ትኩስ መረቅ እንዲቀርብላቸው አዘው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ለልጃቸው ሲሉ ደማቸውን እንደሰጡ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ ይተርካሉ። ናፊሳ ማንንም አላመሰገነችም። በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄዳ፣ ለእንግዳ ከሚወጡት ብርጭቆዎች ሥር ፓስፖርቱን አወጣችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እኔ እሄዳለሁ። ኑርሃን ግን አትሄድም።»

 ናጅዋ ማቃሰቷን ተወች። አቶ አብዱልመጂድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በዕድሜያቸው ልጅ ላይ እጃቸውን አንስተው አያውቁም። ፓስፖርቱን አዩ፣ ባዶውን ግድግዳ አዩ፣ ነገሩን ከልባቸው አውጥተው አውርደው፣ ሁሉንም ያስታርቃል ያሉትን መላ በለሰለሰ ድምፅ አቀረቡ።

«ሁለታችሁም ብትሄዱ ምን አለበት?»

ጋሼ ሙዐዊያ ሐሳቡ ከልብ የመነጨ መሆኑን መሰከሩ። ኢልያስም፣ ተከራይቶ ለመኖር ሁለት ሆኖ ይቀላል አለ። የከፋ ነገር እንደተነገረ የተሰማው ሰው አልነበረም። ናፊሳ አባቷን ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ፓስፖርቱን ይዛ ወጣች።

ኑርሃን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ናፊሳ አጠገቧ ተቀመጠች። ፓስፖርቱን ብብቷ ሥር ልታደርገው ስትል እጇ ቆመ። ኩዌት የገባች ቀን ማዳሟ ፓስፖርቷን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ ለአንቺው ብዬ ነው ብላት ነበር። አሁንም ያችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታባታል። ዋጠቻት።

«ያንቺ ነው» አለች ናፊሳ። «ፈተናሽን እስክትጨርሺ እኔ ጋ ይቆይ። ከዚያ ካልሰጠሁሽ ሸንጎ አቁሚኝ።»

 ናፊሳ የሐሳቧን ነገረቻት። ነገ በጠዋት ተነስተው ደብረ ሲና ወደምትኖረው የእናታቸው እህት ዘንድ ይሄዳሉ፤ ትምህርት ቤቱን እሷ ራሷ ቆማ ታዛውርላታለች፣ የምትልከው ብርም ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት ሳይሆን ወደዚያ ይመጣል። ቴሌቪዥን የፈለገ ጎረቤት ሄዶ ይይ። ኑርሃን በጥሞና አዳመጠቻት። ኩዌት ሲባል ሙቀቱን ያልጠየቀች፣ የሰው ቤቱን ያልጠየቀች፣ ከነማን ጋር እንደምትኖር ያልጠየቀች ልጅ ብዙ አሰበችና፣

«ደብረ ሲና ግን ይበርዳል» አለች።

ናፊሳ ሳቀች። የተወጋው ክንዷ እስኪያማት፣ በሌላ እጇ ይዛው ሳቀች። ኑርሃንም መጀመሪያ ግር አላት፤ ቀጥሎ አብራ ሳቀች። ሳሎን ውስጥ የነበረው ወሬ ቆመ። ጋሼ ሙዐዊያ በመስኮት ብቅ ብለው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ።

«ምንም አልተፈጠረም ጋሼ» አለች ናፊሳ። «ለልጅቷ ጋቢ ልገዛላት ነው።»